ፈርሞ ቢክድስ? ስለ ፈረሰ የፍርድ ቤት ስምምነት የተደረገ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ የማወራው ሰዎች ብዙ ጊዜ ዘግይተው ስለሚጠይቁት ጉዳይ ነው። ክስ ነበረ። ክርክሩ ሰለቸ። ሁለቱም ወገን ተስማሙ፣ ፈረሙ፣ ዳኛ ፊት ቀረቡ፣ መዝገቡ ተዘጋ። እፎይ ተባለ። ከዚያ የመጀመሪያው ክፍያ ቀን ደረሰ። ገንዘቡ የለም። ስልክ ቢደወል አይነሳም። ቢነሳም «ሰሞኑን እንጨርሳለን» ነው። እና አሁን ምን ይደረግ?

አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚለው «ይኼማ ፍርድ ቤትን መድፈር ነው፣ ይታሰርልኝ» ነው። ንዴቱ ይገባኛል። ግን ከዚያ በፊት የሚመጣ ጥያቄ አለ። እጃችሁ ላይ ያለው ወረቀት ምንድን ነው? ውል ነው ወይስ ፍርድ? የቀረው ሁሉ ከዚህ ነው የሚመዘዘው። ውል ከሆነ፣ ውል የፈረሰበት ሰው የሚሄድበትን መንገድ ትሄዳላችሁ። መንገዱ አዲስ ክስ ድረስ ሊወስድ ይችላል። ፍርድ ከሆነ ወይም እንደ ፍርድ የሚቆጠር ከሆነ ግን ክርክሩ አልቋል፤ የቀረው ማስፈጸም ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የወራት፣ አንዳንዴም የዓመታት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ወረቀቱን አውጡ። እናንተ የፈረማችሁትን ብቻ አይደለም፤ ዳኛው የጻፉትንም። ሰው የስምምነቱን ገጽ ሁሉ በቃሉ ይዞ፣ መዝገቡን የዘጋውን ትዕዛዝ አንድም ቀን አላየውም። ዋናው ነገር ያለው ግን እዚያ ውስጥ ነው። ለምሳሌ ትዕዛዙ «ተከራካሪዎቹ ያቀረቡት ስምምነት ለሕግና ለሞራል ተቃራኒ ስላልሆነ ፍርድ ቤቱ ተቀብሎ አጽድቆታል፤ በስምምነቱ መሠረት ይፈጸም» ሊል ይችላል። ጥሩ። ዳኛው ስምምነቱን ወደ ፍርድ ቤቱ ሥራ አስገብተውታል ማለት ነው። ሌላው ደግሞ «ከሳሽ ክሱን ስላነሳ መዝገቡ ተዘግቷል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ» ብቻ ይላል። እዚህ ውስጥ ስምምነት የሚል ቃል የለም። ፍርድ ቤቱ የሚያውቀው ክስ መነሳቱን ብቻ ነው። የተስማማችሁበት ነገር የእናንተና የባለጋራችሁ የግል ውል ሆኖ ቀርቷል።

ይኼ የወረቀት ጨዋታ የሚመስለው ካለ፣ አሜሪካ ውስጥ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ የሄደ ጉዳይ አለ። አንድ የሕይወት መድን ድርጅትና የቀድሞ ወኪሉ ተካሰው በስምምነት ጨረሱ። ስምምነቱን ዳኛው ፊት በቃል አስመዘገቡት። መዝገቡ ሲዘጋ ግን የተፈረመው ትዕዛዝ ስለ ስምምነቱ አንዳች አላለም። ወዲያው ወኪሉ የሚመልሳቸው ፋይሎች ላይ ጠብ ተነሳ። ድርጅቱ ወደዚያው ዳኛ ተመልሶ «አስፈጽሙልኝ» አለ። ዳኛው እሺ አሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን እ.ኤ.አ. በ1994 በሙሉ ድምፅ ሻረው። ምክንያቱ ቀላል ነው። የፌዴራል ፍርድ ቤት ሥልጣኑ የተወሰነ ነው፤ ስምምነቱን በትዕዛዙ ውስጥ ካላካተተ ወይም የማስፈጸም ሥልጣኔን ይዤ እቆያለሁ ብሎ ካልጻፈ፣ የስምምነት መፍረስ እንደማንኛውም የውል ጉዳይ ነው፤ ሌላ ቦታ ይከሰስበት አለ። ዳኛው ነገሩን መስማታቸው፣ ማወቃቸው ምንም አልፈየደም። በትዕዛዙ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨመር ኖሮ ያ ሁሉ መንገድ አይኬድም ነበር። ካሊፎርኒያ ለዚህ የተለየ ድንጋጌ አላት፤ ተዋዋዮቹ ከጠየቁ ፍርድ ቤቱ ሥልጣኑን ይዞ ይቆያል፣ በስምምነቱ ልክም ፍርድ ይሰጣል። ግን እዚያም ቢሆን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ያውም መዝገቡ ከመዘጋቱ በፊት።

እንግሊዞች መሃል ላይ የሚቆም መላ አላቸው። ቶምሊን በሚባሉ ዳኛ ስም የሚጠራ ትዕዛዝ ነው፤ ከ1927 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራበታል። ክሱ ታግዶ ይቆያል እንጂ አይሞትም። የስምምነቱ ዝርዝር በአባሪ ይቀመጣል፤ አባሪው ምስጢር ሊሆን ይችላል። ባለጋራው ካፈረሰ አዲስ ክስ አያስፈልግም፤ እዚያው መዝገብ ላይ «በአባሪው መሠረት እንዲፈጽም ይታዘዝልኝ» ብሎ ማመልከት ይበቃል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። አባሪው ራሱ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ አይደለም። መጀመሪያ ትዕዛዝ ይወጣል፤ ያን ትዕዛዝ ሲጥስ ነው ነገሩ የሚከብደው። በጀርመን ደግሞ ዳኛ ፊት የተደረገ ስምምነት ራሱ የማስፈጸሚያ ሰነድ ነው፤ የሥነ ሥርዓት ሕጋቸው አንቀጽ 794 ላይ ተቀምጧል። ሌላ ፍርድ አይጠበቅም።

በኢትዮጵያ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 274 እስከ 277 ስለዚህ ይናገራል። ተከራካሪዎች በማንኛውም ጊዜ፣ በራሳቸው ወይም በፍርድ ቤቱ አነሳሽነት፣ በችሎት ወይም ከችሎት ውጭ መስማማት ይችላሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ አንቀጽ 3312 ላይ ጠንከር ያለ ነገር ይላል። በተስማሙት ሰዎች መካከል ስምምነቱ ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። ለዚህ ነው ፍርድ ቤት ያጸደቀው ስምምነት ሲፈርስ ባለመብቱ «የአፈጻጸም መዝገብ» የሚያስከፍተው። ስሙም ይቀየራል። ከሳሽ የነበረው የፍርድ ባለመብት፣ ተከሳሽ የነበረው የፍርድ ባለዕዳ ይባላል።

ወረቀቱን ከለያችሁ በኋላ ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል። በእርግጥ ፈርሷል ወይ? አፍራሹስ ማነው? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነውና።

አንድ ሌላ ጉዳይ ልንገራችሁ። ይኼም አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ነው። አንድ የቀድሞ የትምህርት ቤት ኃላፊ በዕድሜዬ ምክንያት አድልዎ ተደርጎብኛል ብሎ ከሰሰ። ተስማሙ። ከሚከፈለው ገንዘብ ውስጥ 80,000 ዶላሩ በተለይ ለእሱ ነበር። በስምምነቱ ላይ የምስጢር ግዴታ አለ፤ ከጠበቆቹ፣ ከአማካሪዎቹና ከሚስቱ በቀር ለማንም መናገር አይችልም። አባት ለልጁ ጉዳዩ መጠናቀቁንና ደስ ማለቱን ነገራት። ልጅቷ ፌስቡክ ላይ ጻፈችው፤ ወላጆቿ እንዳሸነፉና ትምህርት ቤቱ የእሷን የአውሮፓ ጉዞ እየከፈለላት እንደሆነ አድርጋ። ትምህርት ቤቱ 80,000ውን አልከፍልም አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ለትምህርት ቤቱ ፈረደ። ከውጭ ሲታይ ያልከፈለው ትምህርት ቤቱ ነው፤ ያፈረሰው ግን አባትየው ሆነ።

ስለዚህ ቁጣችሁን ወደ ፍርድ ቤት ይዛችሁ ከመሮጣችሁ በፊት የራሳችሁን ዝርዝር ተመልከቱ። ማስረከብ የነበረባችሁን ሰነድ አስረክባችኋል? የባንክ ሒሳብ ቁጥር ስጡ ተብላችሁ ሰጥታችኋል? ዕግዱን አስነሱ ተብላችሁ አስነስታችኋል? «መጀመሪያ አንተ፣ ከዚያ እኔ» የሚል ቅደም ተከተል ካለ፣ የእናንተ ተራ አልፎ ይሆን? ባለጋራው የሚመጣበት የመጀመሪያ መከላከያ ይኼ ነው።

የጊዜውም ነገር አለ። «በየወሩ መጀመሪያ ላይ ይከፍላል» የሚል ስምምነት ስንቱን አዋርዷል! መጀመሪያ ማለት 1 ነው፣ 5 ነው፣ ወይስ 10? በዓል ቢውልስ? ገንዘቡ የሚገባው የት ሒሳብ ነው? ያልተጻፈውን ክፍተት ባለጋራው ይሞላዋል፤ የሚሞላው ደግሞ ለራሱ በሚመቸው መንገድ ነው። አንዳንድ ስምምነት የእፎይታ ቀን ይሰጣል። «ካልከፈለ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፤ በ10 ቀን ውስጥ ካላስተካከለ…» የሚል ካለ፣ ማስጠንቀቂያውን ሳትሰጡ ፍርድ ቤት ብትሄዱ ባዶ እጃችሁን ትመለሳላችሁ። በኢትዮጵያ የውል ሕግ እንኳ ማስጠንቀቂያ መስጠት መነሻው ነው። የማያስፈልግባቸው ሁኔታዎች አንቀጽ 1775 ላይ ተቆጥረዋል። ለምሳሌ ባለዕዳው አልፈጽምም ብሎ በጽሑፍ ካሳወቀ፣ ወይም ጊዜው ሲያልፍ ያለማስጠንቀቂያ እንደ አፍራሽ ይቆጠራል የሚል ስምምነት ካለ።

በተለይ ልጅ ያለበት ስምምነት ላይ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ቀለብ አልከፈለም ብሎ ልጅ አላሳይም ማለት፣ ወይም ልጄን አላሳየችኝም ብሎ ቀለብ ማቆም፣ የተለመደ ነው። በብዙ አገር ፍርድ ቤቶች ሁለቱን እንደ ሁለት የተለያዩ ግዴታዎች ነው የሚያዩት። አንዱ ሲፈርስ ሌላውን ማፍረስ አፍራሾቹን ሁለት ያደርጋቸዋል እንጂ ማንንም አያድንም። መብቱም የልጁ ነው፤ የወላጅ መቀጣጫ አይደለም።

አሁን ማስጠንቀቂያውን እንጻፍ። ብዙ ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ የክርክሩን ታሪክ ከአዳም ጀምሮ ይተርካል። አያስፈልግም። ስድብም ዛቻም አይግባበት፤ ነገ ዳኛው ያነቡታል። እኔ ብጽፍ እንዲህ እጽፋለሁ፦

«በመዝገብ ቁጥር እገሌ በዚህ ቀን በጸደቀው ስምምነት ተራ ቁጥር 3 መሠረት በዚህ ቀን መክፈል የነበረብህን ይህን ያህል ገንዘብ አልከፈልክም። ይህ ደብዳቤ ከደረሰህ ቀን ጀምሮ በ7 ቀን ውስጥ በስምምነቱ ወደተጠቀሰው የባንክ ሒሳብ እንድታስገባ እጠይቃለሁ። ካልሆነ በተራ ቁጥር 6 መሠረት ቀሪው ገንዘብ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ይሆናል፤ አፈጻጸም አመለክታለሁ። ሌሎች መብቶቼ ሁሉ እንደተጠበቁ ናቸው።»

ይኸው ነው። መዝገቡ፣ ተራ ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ መጠኑ፣ የጊዜ ገደቡ፣ ቀጥሎ የሚመጣው። ስምምነቱ ማስጠንቀቂያ በምን መንገድ ይደርሳል ካለ በዚያው መንገድ ላኩት፤ መድረሱን የሚያሳይ ማስረጃ ያዙ። የቴሌግራም መልእክት ጥሩ ነው፣ ግን ብቻውን አትተማመኑበት። ጎን ለጎን ማስረጃችሁን ሰብስቡ። የባንክ መግለጫ አስወጡ። «ሰሞኑን እከፍላለሁ» ያለበትን መልእክት አትሰርዙ፤ ዕዳውን ማመኑ ነው። በስልክ የተባባላችሁትን በዚያው ቀን «ዛሬ በስልክ እንደተነጋገርነው…» ብላችሁ በጽሑፍ መልሱለት። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይባላል። ደብዳቤው እሱ ቢሰማ ጥሩ፤ ባይሰማ ግን የተጻፈው ለዳኛው ነው።

ቀኑ ካለፈ ወደ ፍርድ ቤት ነው። የጸደቀ ስምምነት ካላችሁ ማመልከቻው አጭር ነው። የትዕዛዙ ግልባጭ፣ ስምምነቱ፣ እስካሁን የተከፈለው፣ የቀረው፣ ወለድና ወጪ ካለ እሱ፣ እና ፍርድ ቤቱ ምን እንዲያደርግላችሁ እንደምትፈልጉ። የመጨረሻዋን ነጥብ ሰው ይዘላታል። «ይፈጸምልኝ» ብሎ መጻፍ ብቻውን ብዙ አያራምድም። በምን ላይ? ከየትኛው ባንክ? ከየትኛው መሥሪያ ቤት ደመወዝ? በየትኛው ቤት፣ በየትኛው መኪና ላይ? ፍርድ ቤት ባለዕዳውን ጠርቶ ንብረቱን ሊጠይቀው ይችላል፤ ዞሮ ፈልጎ ግን አያመጣላችሁም። ፍለጋው የእናንተ ሥራ ነው። ስምምነት ስትደራደሩ ቼክ ሰጥቷችሁ ከነበረ የባንኩ ስም እዚያ ላይ አለ። የመጀመሪያውን ክፍያ ያስተላለፈበት ደረሰኝም እንደዚሁ። እሱን ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ።

ግዴታው የገንዘብ ካልሆነ መንገዱ ይለያል። ስም አዛውራለሁ ብሎ የቀረ ሰው ካለ፣ በብዙ አገር ፍርድ ቤቱ ለመዝገብ ሹሙ በቀጥታ ሊያዝ ይችላል። ምርትህን አስመስዬ አልሠራም፣ አልናገርም፣ አልቀርብም ብሎ የማለ ሰው ሲያፈርስ፣ ጠቃሚው ዕግድ ነው። ሥራ እሠራለሁ ያለውን ግን ጎትቶ ማሠራት ይከብዳል። የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1776 በግድ የማስፈጸም ነገር የተለየ ጥቅም ሲኖረውና የባለዕዳውን የግል ነፃነት ሳይነካ የሚቻል ሲሆን ብቻ ነው ይላል። በሌላ አገርም ዳኞች ሰውን አስገድዶ ከማሠራት ይሸሻሉ። እዚያ ላይ የሚያዋጣው ሥራውን በሌላ ሰው አሠርቶ ወጪውን መጠየቅ ነው።

እስቲ ወደ «ይታሰርልኝ» እንመለስ። እ.ኤ.አ. የ1966ቱ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን አንቀጽ 11 ላይ አንድ መስመር ብቻ ነው የጻፈው። ማንም ሰው የውል ግዴታውን ለመወጣት ባለመቻሉ ብቻ አይታሰርም። ቁልፉ «ባለመቻሉ» እና «ብቻ» የሚሉት ናቸው። የለኝም የሚል ሰውና እያለው የሚደብቅ ሰው አንድ አይደሉም። የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ደርሶት፣ ትዕዛዙን እያወቀ፣ አቅም እያለው የሚያላግጥ ሰው በብዙ አገር ሊቀጣ ይችላል። ግን መጀመሪያ ትዕዛዝ መኖር አለበት። የግል ውል ያፈረሰ ሰው ፍርድ ቤትን አልደፈረም፤ እናንተን ነው የደፈረው። በዚያ ላይ የታሰረ ባለዕዳ ሥራ አይሠራም፤ ሥራ ካልሠራ አይከፍልም። ይኼን እያሰባችሁ ጠይቁ።

ሌላው የሚያጓጓ መንገድ «ስምምነቱ ፈርሷል፣ ወደ ድሮው ክሴ ልመለስ» የሚለው ነው። ሚሊዮን ጠይቀህ በግማሽ ተስማምተህ፣ ግማሹንም ሲከለክልህ፣ «እንግዲያው ሚሊዮኔን» ማለት ተፈጥሯዊ ነው። ሕጉ ግን ሁልጊዜ አይከተልህም። ስምምነቱ አሮጌውን መብት ተክቶት ከሆነ አሮጌው ሞቷል፤ የቀረህ አዲሱን ማስፈጸም ነው። እንደ መጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል በሚል ሥርዓት ውስጥማ በሩ በጣም ጠባብ ነው። በአሜሪካ የውል ሕግ ግን የተለየ ነገር አለ። ስምምነቱ «ይኼን ስትፈጽም ዕዳው ይሰረዝልሃል» የሚል ከሆነ፣ ባለዕዳው ሳይፈጽም ቢቀር ባለመብቱ ወይ ስምምነቱን ወይ የድሮውን ዕዳ መርጦ መጠየቅ ይችላል። ዕዳው መቼ ነው የሚሞተው? በፊርማ ነው ወይስ በክፍያ? ስምምነታችሁን ስታነቡ ይኼን ፈልጉ።

ይኼ ወደ መቀጫ ያመጣናል። እኔ ከሁሉ በላይ የምወደው ርዕስ ነው፤ ታገሱኝ። ብዙ ስምምነት «በ20 ተስማማን፤ ካልከፈለ ግን 60 ይክፈል» ይላል። ጠንካራ ይመስላል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ልክ እንዲህ ያለ ጉዳይ ነበር። ሁለት ድርጅቶች በ20,000 ዶላር ተስማሙ፤ ባይከፈል ግን ክሱ ላይ የተጠየቀው በሙሉ ከወለድና ከጠበቃ ወጪ ጋር ይፈረዳል ተባለ። አልተከፈለም። ከ61,000 ዶላር በላይ ተፈረደ። እ.ኤ.አ. በ2008 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ይኼማ ቅጣት ነው ብሎ ሻረው። ምክንያቱም ተከሳሹ ሙሉውን ዕዳ አለብኝ ብሎ አላመነም ነበር። ባልታመነ ዕዳ ላይ የተቆለለው ጭማሪ ከመዘግየቱ ጉዳት ጋር አይመጣጠንም ተባለ። ከዓመታት በኋላ እዚያው አገር ሌላ ጉዳይ መጣ። እዚህኛው ላይ ባለዕዳው ሙሉ ዕዳውን አምኖ ፈርሟል፤ በወቅቱ ከከፈለ የተወሰነ ቅናሽ ይደረግለታል ይላል። አዘገየ። ቅናሹን አጣ። ፍርድ ቤቱ ይኼ ቅጣት አይደለም፣ የቀረ ቅናሽ ነው አለ።

አያችሁ? ገንዘቡ አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። «ካልከፈልክ እጨምርብሃለሁ» ወደቀ፤ «አለብህ፣ በወቅቱ ከከፈልክ እቀንስልሃለሁ» ቆመ። እንግሊዝ ውስጥ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ለተዋዋዮች ነፃነት ላላ አድርጎታል፤ መቀጫው የሚያስጠብቀው ተገቢ ጥቅም ካለና ከዚያ ጥቅም ጋር ሲተያይ ከመጠን ያለፈ ካልሆነ ይጸናል። በኢትዮጵያ ደግሞ መቀጫው ጉዳት ባይደርስም ይጠየቃል፤ ውሉ በከፊል ከተፈጸመ ግን ዳኛው ሊቀንሰው ይችላል። ስለዚህ አሁን እጃችሁ ላይ ያለው ስምምነት መቀጫ ካለው፣ ሙሉውን አገኛለሁ ብላችሁ በጀት አትያዙ። «ቀሪው በአንድ ጊዜ ይከፈላል» የሚለው ግን ሌላ ነው። እሱ የጨመረው ገንዘብ የለም፤ ያጠፋው ጊዜን ብቻ ነው።

ንብረት ስለሚያሸሹ ሰዎች ጥቂት ልበል። ተስማምቶ በሳምንቱ ቤቱን በወንድሙ ስም ያዞረ ባለዕዳ አዲስ ፍጥረት አይደለም። ሮማውያን ሳይቀሩ ባለዕዳ አበዳሪዎቹን ለመጉዳት ያደረገውን ዝውውር ማፍረሻ ክስ ነበራቸው። ዛሬም በፈረንሳይ በዚያው በሮማ ስሙ ይጠራል፤ ኢትዮጵያም በፍትሐ ብሔር ሕጓ አንቀጽ 1995 ላይ አላት። ዋጋው፣ ቀኑ፣ ዝምድናው ተደምረው ይታያሉ። ቀን ቀን ነው፤ የተዘዋወረበትን ቀን ከስምምነቱ ቀን ጎን አስቀምጡት። የከሰረ ከሆነ ግን መንገዱ ይዘጋል። የኪሳራ መዝገብ ሲከፈት በብዙ አገር ማንም ለብቻው ማስፈጸም አይችልም፤ ሰልፍ ትይዛላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ከኪሳራው በፊት ባሉት 90 ቀናት የተቀበላችሁት ክፍያ እንኳ መልሱ ሊባል ይችላል። ለዚህ ነው መያዣ ወይም ዋስ ያለው ስምምነት ከሌላው የሚለየው።

ባለጋራው አገር ጥሎ ከሄደስ? እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ግራ መጋባት አለ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 7 ቀን 2019 ሲንጋፖር ላይ በአሸማጋይ የተገኙ የንግድ ስምምነቶችን የሚመለከት የአገሮች ዓለም አቀፍ ስምምነት ተፈርሟል። ሰው ይኼን ሰምቶ በቃ ሁሉ ቦታ ይሠራልኛል ይላል። ያ ስምምነት ግን በፍርድ ቤት የጸደቁና እንደ ፍርድ የሚፈጸሙ ስምምነቶችን አይጨምርም፤ የቤተሰብና የሠራተኛ ጉዳይንም እንዲሁ። የፍርድ ቤት ስምምነትን የሚያየው የውጭ አገር ፍርዶችን የሚመለከተው የ2019ኙ የሄግ ዓለም አቀፍ ስምምነት ነው፤ አንቀጽ 11። እሱ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 1 ቀን 2023 ጀምሮ ይሠራል፤ በአባል አገሮች መካከል ብቻ። አገሮቹ አባል ካልሆኑ የዚያን አገር የውጭ ፍርድ ማስፈጸሚያ ሕግ ማየት ነው። ጊዜም አትጣሉ። የአፈጻጸም መብት ይርጋ፣ ማለትም ካለፈ መብቱ የሚቀርበት የጊዜ ገደብ፣ አለው፤ በኢትዮጵያም በካሊፎርኒያም 10 ዓመት ነው፤ ካሊፎርኒያ ላይ ሳያልቅ ማሳደስ ይቻላል።

ከመምጣቴ በፊት ጥያቄ ልካችሁልኝ ነበር። ሁለቱን ልመልስ።

አንደኛው፦ «ግማሹን ይዞ ቢመጣ ልቀበል ወይ?» ነው። ተቀበሉ። ግን ስትቀበሉ ጻፉ። «ከዚህ ወር ክፍያ ላይ ይህን ያህል ተቀብያለሁ፤ ቀሪው ይህን ያህል ነው፤ መብቴ እንደተጠበቀ ነው» በሉ። ቼኩ ወይም ማስተላለፊያው ላይ «የመጨረሻ ክፍያ» ብሎ ከጻፈ ግን ቆም በሉ። እሱን መቀበል በአንዳንድ አገር ቀሪውን ትቻለሁ ማለት ሊሆን ይችላል፤ ጠበቃ ሳታማክሩ አታስገቡት። በየወሩ እየዘገየ ሲከፍል ዝም ብላችሁ ከተቀበላችሁም፣ አንድ ቀን «እስከዛሬ እሺ ብለኸኛል» ይላል። አዲስ የጊዜ ሰሌዳ ከተስማማችሁ በጽሑፍ አድርጉት፤ የፊተኛው በፍርድ ቤት የጸደቀ ከሆነ አዲሱንም እዚያው መዝገብ ላይ አስገቡት። አለዚያ አሮጌው ፍርድ፣ አዲሱ ወሬ ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛው ጥያቄ የመጣው ከወዲያኛው ወገን ነው፤ ደስ ብሎኛል። «ተስማምቻለሁ፣ ግን ሥራዬን አጣሁ፤ የሚቀጥለውን መክፈል አልችልም» ይላል። ቀኑ ሳያልፍ ተናገር። ካለፈ በኋላ የሚነገረው ምክንያት፣ ከማለፉ በፊት ከሚነገረው እኩል አይሰማም። የሥራ መልቀቂያህን፣ የሆስፒታል ወረቀትህን፣ ያለህን ሁሉ አያይዘህ በጽሑፍ ጊዜ ጠይቅ። የምትችለውን ያህል፣ ትንሽም ቢሆን፣ በቀኑ ክፈል፤ እንዳላላገጥክ ማሳያህ እሱ ነው። ቀለብ ከሆነ ደግሞ ለራስህ አትቀንስ፤ እንዲቀነስልህ ለፍርድ ቤት አመልክት። በብዙ አገር ዳኛው የሚቀንሰው ካመለከትክበት ቀን ወዲህ ያለውን ነው፤ የተጠራቀመው እንዳለ ይቆያል። ስለዚህ ማመልከቻውን ነገ ሳይሆን ዛሬ አስገባ።